ክብደት በሌለበት ቦታ መዘርጋት ለምን ይከብዳል?

አንድ ጠያቂ እንዲህ ብለዋል፦ «ህዋ ላይ ነፋስ የለም፣ ክብደት የለም። ታዲያ ከፌስታል የሳሳ ሸራ ወይም አንቴና መዘርጋት መሐንዲሶችን ለምን እንቅልፍ ይነሳቸዋል? እንደ ጃንጥላ አንዴ ተጭኖ መክፈት አይቻልም? ከተያዘስ ጠፈርተኛ ወጥቶ ጎተት ቢያደርገው ምናለ?»

ከጃንጥላው እንነሳ። ጃንጥላ ሲከፍቱ የሚያግዝዎት ብዙ ነው። አንዱ ሽቦ ቢያዝ እጅዎ ይሰማዋል። ነቅነቅ ያደርጉታል። እምቢ ካለ ዘግተው እንደገና ይከፍቱታል። ጨርቁ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል የት እንዳለ ይታወቃል። አየሩም ሲወረወር ያዝ ያደርገዋል። ህዋ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ጨርቁ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ክብደት የለም። አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ የሚያረጋጋው አየር የለም።

እኔን ከጠየቁኝ መክፈቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ሞላ ይከፍተዋል። ከባዱ ሲከፈት መያዙ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ይታጠፋል? የሮኬት አናት ጠባብ ስለሆነ ነው። በብዙዎቹ ትልልቅ ሮኬቶች እንኳ ወርዱ 5 ሜትር ገደማ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የፀሐይ መከላከያ ደግሞ 21 ሜትር በ14 ሜትር ነው፤ አንድ የቴኒስ ሜዳ ያህላል። ሳይታጠፍ የሚሄድበት መንገድ የለም።

የሚሳሳበት ምክንያት ደግሞ የጭነት ወጪ ብቻ አይደለም። ምህዋር ላይ ከደረሰ የሚጫነው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብርሃን ራሱ ይገፋል፣ እሱ እውነት ነው። መሬት ከፀሐይ ባለችበት ርቀት 1 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን 9 ሚሊዮንኛ ኒውተን ገደማ ነው። 80 ካሬ ሜትር ሸራ ብርሃኑን ፊት ለፊት ቢቀበለው፣ ጠቅላላ ግፊቱ ከ1 ግራም አንድ አሥረኛ የማትሞላ ነገር መዳፍዎ ላይ ብትቀመጥ የሚሰማዎትን ያህል ነው። ማለትም ምንም አይሰማዎትም። ይህን ለመቋቋም ወፍራም ብረት ምን ያደርጋል? ስለዚህ እናሳሳዋለን። ስናሳሳው ግን መሬት ላይ የራሱን ክብደት እንኳ የማይችል ነገር እንሠራለን። ይህ ጣጣ ኋላ ይመለስብናል።

አሁን የአናጢ ሜትር በአጠገብዎ ካለ ያንሱት፤ ያ ብረት ያለው ተጠቅላዩ። ሲዘረጋ ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲጠቀለል ግን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ መሆን ደግሞ አይወድም። ቀጥ ለማለት ሁልጊዜ ይታገላል። ህዋ ላይ ከምንጠቀምባቸው መዘርጊያ ዘንጎች ብዙዎቹ የዚህ ሜትር ዘመዶች ናቸው። አሉዌት 1 የተባለው የካናዳ ሳተላይት በ1962 ወደ ህዋ ሲወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጥቅል እየተፈታ ቱቦ የሚሆን ስስ ብረት ይዞ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ 45.7 ሜትር አንቴና ዘረጋበት።

የሜትር ቁራጭ ካገኙ ከቤቱ ውጭ ጠቅልለው በጣትዎ ያዙት። ከዚያ ትንሽ ላላ ያድርጉት። ጫፉ ብቻ የሚወጣ ይመስልዎታል። አይደለም። ጥቅሉ በሙሉ ያብጣል፤ እያንዳንዱ ዙር ከታችኛው ተላቆ ወደ ውጭ ይገፋል። በሙያው ይህን «ማበብ» ይሉታል። ስሙ ያምራል፣ ነገሩ አያምርም። አንድ ጊዜ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ዘንግ ስንዘረጋ ሞተሩ ይዞራል፣ ጫፉ ግን ንቅንቅ አይልም። ስንት ደቂቃ እንደፈጠጥን አላስታውስም። ሽፋኑን ስንከፍተው ጥቅሉ አብቦ የሳጥኑን ግድግዳ ጠርቆ ይዞታል። ሞተሩ ውስጡን ያዞራል፣ ውጭው ተጣብቋል። ዘንጉን ቆርጠን ነው ያወጣነው።

መድኃኒቱ ጥቅሉን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ዙሪያውን የሚጫኑ ትንንሽ ጎማዎች ይደረጋሉ፤ ወይም ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚጠቀለል፣ ሁልጊዜ የተወጠረ ስስ ቀበቶ። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ ሞተሩ ዋና ሥራው መግፋት አይደለም። ጉልበቱ ዘንጉ ውስጥ አለ። ሞተሩ ፍሬን ነው።

በብርሃን ግፊት የሚሄድ ሸራ ለመሞከር የተሠራው የናሳ ሳተላይት ኤሲኤስ3 በ2024 ወደ ምህዋር ሲወጣ አራት ባለ 7 ሜትር ዘንጎች ይዞ ነበር። ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ፋይበርና ከፕላስቲክ ውህድ የተሠሩ ናቸው። ሸራው 80 ካሬ ሜትር ነው፤ የተሸከመው ሳተላይት ግን የማይክሮዌቭ ምድጃ ያህል ቢሆን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ከታሰበው በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ ሳተላይቱ ራሱ አቆመው። እኔ ይህን በጣም ነው የወደድኩት። ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ መሳቡ እጅዎ ጃንጥላው ውስጥ የሚሰማው ያ «ቅፍ» ማለት ነው። ነገሩ ከተመረመረ በኋላ በነሐሴ መጨረሻ ሸራው ተዘረጋ። አንዱ ዘንግ ትንሽ ጎብጦ ታይቷል፤ ሸራው ግን ወጥቷል።

አየር የለም አሉ አይደል? አንዳንዴ አለ። ታጥፈን የምናስገባው እኛው ነን።

በ1959 አሜሪካኖች ትልቅ ፊኛ ህዋ ላይ ለመንፋት ሲሞክሩ፣ በአትላንቲክ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ማታ ሰማይ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር አዩ። ፊኛው ተበጣጥሶ ስብርባሪው በፀሐይ ብርሃን እያበራ ነበር። በእጥፋቶቹ መካከል የቀረው አየር ባዶ ህዋ ሲያገኝ በአንዴ ተለጥጦ ቀዶታል። መሬት ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር አየር እዚያ ፈንጂ ነው። ከዚያ በኋላ አየሩን በደንብ መምጠጥ ተለመደ። በ1960 የወጣው ኤኮ 1 ተሳካለት። ዲያሜትሩ 30.5 ሜትር፣ ግድግዳው 12.7 ማይክሮን፤ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው። የተነፋው በፓምፕ አልነበረም። ውስጡ ዱቄት ነስንሰውበት ነበር። ፀሐይ ስታሞቀው ዱቄቱ ቀስ እያለ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ቀስ እያለ የሚለው ቃል ነው ሚስጥሩ።

ይህ ትምህርት ግን አንዴ ተምረውት የሚያልቅ አይደለም። በ1996 ከመንኮራኩር የተለቀቀ፣ ዲያሜትሩ 14 ሜትር የሆነ ሊነፋ የሚችል አንቴና ተሞከረ። ሦስት ባለ 28 ሜትር እግሮች ነበሩት። ክዳኑ ሲከፈት ከእጥፋቱ የቀረው አየርና የታመቀው ጉልበት አስቀድመው ወረወሩት። በቅደም ተከተል ይወጣል የተባለው ሁሉ ተዘበራርቆ ወጣ። እንደ ዕድል ሆኖ እግሮቹ መጨረሻ ላይ ቅርጻቸውን ያዙ። መሐሉ ያለው ሳህን ግን እንደሚፈለገው አልተነፋም።

ወደ ጃንጥላዎ ልመለስ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ በእርግጥ ጃንጥላ ልከናል። ወደ ጁፒተር የሄደው ጋሊልዮ ዋና አንቴናው 4.8 ሜትር ስፋት፣ 18 ጎድን ያለው፣ እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ነበር። በ1991 ክፈት ተባለ። ሞተሩ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከጎድኖቹ ጥቂቶቹ ከመሐል ምሰሶው አልላቀቅ አሉ። እያንዳንዱ ጎድን ታጥፎ ሳለ እንዳይንቀጠቀጥ በትንንሽ ካስማዎች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ካስማዎቹ ላይ ደረቅ ቅባት ተቀብቷል። ግን በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈርተኞች መንኮራኩር አደጋ ሲደርስባት የጋሊልዮ ጉዞ ለዓመታት ተራዘመ። ጋሊልዮ በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል በከባድ መኪና ተመላለሰ። በየመንገዱ መንቀጥቀጥ ቅባቱ ተፋቀ። ባዶ ህዋ ውስጥ ደግሞ ንጹሕ ብረት ከብረት ጋር ሲተሻሽ ይያያዛል፤ መሬት ላይ አየር የሚያለብሰው ስስ ዝገት እዚያ አይታደሰም።

ያልተሞከረ የለም። ወደ ፀሐይ አዙረው አሞቁት፣ ወደ ጥላ አዙረው አቀዘቀዙት። ሞተሩን እንደ መዶሻ ከ13,000 ጊዜ በላይ አስመቱት። አልሆነም። በሴኮንድ 134,000 ቢት ይልካል የተባለው መንኮራኩር በትንሿ አንቴና፣ ፕሮግራሙ ከተሻሻለ በኋላ እንኳ፣ ቢበዛ 160 ቢት ገደማ ይልክ ነበር። ያም ሆኖ ከታቀደለት ሳይንስ አብዛኛውን መሥራቱ የፕሮግራመሮቹ ጀግንነት ነው።

ማሞቅ አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። በ2005 ማርስን የሚዞረው የአውሮፓ መንኮራኩር ማርስ ኤክስፕረስ ባለ 20 ሜትር የራዳር ዘንጉን ሲዘረጋ አንዱ መገጣጠሚያ ሳይቆለፍ ቀረ። ቀዝቃዛውን ጎን ወደ ፀሐይ አዞሩለት፤ ተቆለፈ። በ2023 ደግሞ ጁስ የተባለው፣ ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች የሚሄደው፣ ባለ 16 ሜትር አንቴናውን አልለቅ አለ። የያዘችው አንዲት ትንሽ ካስማ ናት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብትንቀሳቀስ በቂ ነበር። አሞቁት፣ አንቀጠቀጡት። በመጨረሻ እዚያው አጠገብ ያለች ሌላ መልቀቂያ ስትተኮስ ንዝረቷ ካስማዋን ከቦታዋ አንሸራተታት። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት ማሽን በጡጫ ዳነ ማለት ነው። ቴሌቪዥን እየመታ ያደገ ሰው ይገባዋል።

ክብደት ጠፋ ብለን ካዘንን ራሳችን መሥራት እንችላለን። ማሽከርከር ነው። በ1993 ሩሲያውያን ዝናሚያ 2 የተባለ ባለ 20 ሜትር አንጸባራቂ ሸራ ከፕሮግሬስ የጭነት መንኮራኩር ላይ በማሽከርከር ብቻ ዘረጉ። ዘንግ የለውም። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የብርሃን ነጠብጣብ አውሮፓን አቋርጦ አለፈ። በ1999 በ25 ሜትር ሸራ ሊደግሙት ሲሉ ግን ሸራው የራሱ የመንኮራኩሩ አንቴና ላይ ተጠመጠመ። አበቃ። የሚሽከረከር ጨርቅ ጎረቤት አይወድም።

የጃፓኑ ኢካሮስ በ2010 ይህን በሥርዓት ሠራው። ሸራው ከጥግ እስከ ጥግ 20 ሜትር፣ ውፍረቱ 7.5 ማይክሮን ነው። አራቱ ጥጎች ላይ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ክብደት ታስሯል። መጀመሪያ ሸራው እንደ መስቀል በአራት ክንድ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ማገጃዎች መሐሉን ይዘውታል። ከዚያ ማገጃዎቹ ተለቀቁና ሙሉው ካሬ ተዘረጋ። እየተሽከረከረ ክንዱን የዘረጋ ሰው ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ሸራው ሲሰፋ ዙሩ እየዘገመ ይሄዳል። ስለዚህ ከመዘርጋቱ በፊት አፍጥኖ ማዞር ያስፈልጋል። ንድፉ ይህ ነው፤ የቀረው ሒሳብ ነው።

ብዙ ሰው ስለ ኦሪጋሚ፣ ስለ ጃፓኖቹ የወረቀት አተጣጠፍ ጥበብ፣ ይጠይቀኛል። አዎ፣ ጃፓናዊው ኮርዮ ሚውራ የነደፈው አተጣጠፍ ግሩም ነው። ጥጉን ሲስቡት በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ላይ ይከፈታል። በ1995 ህዋ ላይ በተሞከረ የፀሐይ ሰሌዳ ላይ ሠርቷል። ግን ስሙ ከሥራው በላይ የገነነ ይመስለኛል። ወረቀት ውፍረት የለውም ሊባል ይችላል። የፀሐይ ሰሌዳ ግን ውፍረት አለው፣ ሽቦ አለው፣ ማጠፊያ አለው። ስስ ሽፋንም ቢሆን እጥፋቱን ያስታውሳል። ዓመት ታጥፎ የቆየ ልብስ ያለ ካውያ ቀጥ ይላል? ሽፋኑም እንደዚያ ነው። እስኪወጠር ድረስ ጥግ ጥጉን ይሸበሸባል።

ከሁሉም የተንዛዛው ጄምስ ዌብ ነው፤ በጎ ማለቴ ነው። መከላከያው አምስት ንብርብር ነው። 107 ካስማዎች ሽፋኖቹን አጣብቀው ይዘዋል፤ በሰዓታቸው ሁሉም መልቀቅ አለባቸው። 90 ኬብሎች፣ 400 ያህል ፑሊዎች አሉት። በጠቅላላው ቴሌስኮፑ ላይ 344 ቦታዎች ነበሩ፣ አንዷ ብትከሽፍ ሁሉንም ልታበላሽ የምትችል። የኬብሉ ብዛት ሰውን ያስገርማል። ለምን ይሄ ሁሉ? ክብደት በሌለበት የላላ ኬብል መሬት ላይ አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል፣ ያገኘው ነገር ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ኬብሉ ራሱ ሌላ የሚይዘው ይፈልጋል። ሽፋኖቹን የመወጠሩ ሥራ ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ተጠናቀቀ፤ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ።

እዚያ መሐል የሆነች ነገር አለች። የላይኛው መሸፈኛ መጠቅለሉን የሚያበስሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች ዝም አሉ። ዌብ ላይ ደግሞ ሲዘረጋ የሚታይበት ካሜራ የለም። ኢንጂነሮቹ የሙቀት መለኪያዎችን አዩ፤ ሙቀቱ ተለውጧል። የመንኮራኩሩን እንቅስቃሴ የሚለኩትንም አዩ፤ መሸፈኛው ሲንቀሳቀስ ጥቂት ነቅንቆታል። ተጠቅልሏል ብለው ቀጠሉ። እጅ በሌለበት ቦታ መዳሰስ ማለት ይህ ነው።

ቅድም ይመለሳል ያልኩት ጣጣ ሙከራ ነው። የራሱን ክብደት የማይችል ነገር መሬት ላይ እንዴት ይሞከራል? በገመድ ከጣሪያ ይንጠለጠላል፣ በሂሊየም ፊኛ ይያዛል፣ በአየር ላይ በሚንሸራተት ጠረጴዛ ይደገፋል። እያንዳንዱ ድጋፍ ግን የራሱን ውሸት ይጨምራል። ገመዱ ይወዛወዛል፣ ፊኛው አየሩን ይገፋል። በልዩ አውሮፕላን ክብደት አልባ መሆን ይቻላል፣ ግን ከ20 ሴኮንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ሰዓታት የሚፈጅ አዘረጋግ ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ ሙከራው ራሱ ያረጀዋል። የዌብ መከላከያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲታጠፍ የተገኙበት ቅዳጆች በ2018 ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ነበሩ። ብዙ ከሞከሩት ይቀደዳል፣ ካልሞከሩት አይታወቅም። ስንት ጊዜ ይበቃል የሚለው ላይ ሁለት ኢንጂነሮች ሲስማሙ አላየሁም።

ተዘርግቶ ካበቃ በኋላም ሙሉ እፎይታ የለም። የሀብል ቴሌስኮፕ የመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ክንፎች ከጥላ ወደ ፀሐይ በወጡ ቁጥር ስሶቹ ዘንጎች በሙቀት ይጎብጡና ቴሌስኮፑን ያንቀጠቅጡት ነበር። በ1993 ተቀየሩ።

የጠፈርተኛው ጥያቄ ቀረ። ጠፈርተኛ የሚደርሰው መሬት አጠገብ ነው፤ ዌብ ያለው 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ግን እውነትም ሠርቷል። በ2007 የዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የፀሐይ ክንፍ ሲዘረጋ ተቀደደ። ጠፈርተኛው ስኮት ፓራዚንስኪ በረጅም የሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ ሆኖ እዚያው ጣቢያው ውስጥ በተሠሩ ማያያዣዎች ሰፋው። ክንፉ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ስለነበር መሣሪያዎቹ ሁሉ በመከለያ ፕላስተር ተጠቅልለው ነበር።

እኔ የምወደው ግን የ1973ቱን ነው። ስካይላብ ጣቢያ ሲወነጨፍ አንዱ የፀሐይ ክንፉ ተገንጥሎ ሄደ። የቀረው ደግሞ በአንዲት የተጣመመች የአሉሚኒየም ቁራጭ ተጠፍሮ ቀረ። ጠፈርተኞቹ ፒት ኮንራድና ጆ ከርዊን ወጥተው ቁራጯን በረጅም መቀስ ቆረጧት። ክንፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ለካ ማጠፊያው ላይ ክንፉ በኃይል እንዳይወረወር የተቀመጠ ማርገቢያ ነበር፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀዝቅዞ ደርቋል። እንዲይዝ የተሠራው ነገር፣ ከመጠን በላይ ያዘ። ሁለቱም ክንፉ ላይ ባሰሩት ገመድ ሥር ገብተው በትከሻቸው ተነሱበት። ማጠፊያው ሲላቀቅ ሁለቱንም ወደ ህዋ ወረወራቸው፤ ማሰሪያቸው መለሳቸው። ሚዛናቸውን ይዘው ዞር ሲሉ ክንፉ ወጥቶ ነበር።